ሰኔ ላይ ሎስ አንጀለስ ለምትመጪው እህቴ፦ ጃኬት ጨምሪ፣ ዝርዝሩን ቀንሺ

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ሰኔ ላይ እኔና እናቴ ለአንድ ሳምንት ሎስ አንጀለስ እንመጣለን። ታናሽ ወንድሜ የሚኖረው እዚያው ነው። ግን ሌሊት ይሠራል፣ ቀን ይተኛል። ቤቱም አንድ ክፍል ስለሆነች ሆቴል ልንይዝ ነው። ጸሐያማ ከተማ ነው ስለሚባል ስስ ስስ ልብስ ብቻ ልንይዝ አስበናል። መኪና ተከራይተን ሆሊውድን፣ ዲዝኒላንድን፣ ቤቨርሊ ሂልስን፣ ዩኒቨርሳል ስቱዲዮንና ባሕሩን በሁለት ቀን ጨርሰን፣ የቀረውን ከወንድሜ ጋር ዘና ብለን ብናሳልፍ ብዬ ነበር። እናቴ 66 ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ያማታል፣ ጾም ደግሞ አታፈርስም። ምን ይመክሩኛል? ለወንድሜስ ምን ይዤለት ልምጣ?

የእናቷ ልጅ ነኝ፣ ከገርጂ»

እህቴ፣ እንኳን ቪዛው ተሳካላችሁ። ትልቁን ጣጣ ጨርሳችኋል።

ከልብሱ ልጀምር። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የዚህ አገር ሰው ለሰኔ የራሱ ስም አውጥቶለታል፤ «ጁን ግሉም» ይለዋል። የሰኔ ድብርት እንደማለት ነው። እዚህ ጠረፍ የሚደርሰው የውቅያኖስ ውሃ ከሰሜን የሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ ነው። በላዩ ያለው አየር ይቀዘቅዝና ዝቅ ያለ ደመና ይሠራል። ደመናው ሌሊት ወደ ከተማው ይገባል፤ እስከ ቀትር፣ አንዳንዴም እስከ ማታ አይነሳም። አይዘንብም። ዝም ብሎ ይጋረዳል።

ከዓመታት በፊት አክስቴ በሰኔ መጡ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሳንታ ሞኒካ ባሕር ዳር ወሰድኳቸው። ነጠላ፣ ክፍት ጫማ፣ ጥቁር መነጽር። ከመኪና ወርደው ዙሪያውን አዩና «ልጄ፣ እንጦጦ ነው እንዴ ያመጣኸኝ?» አሉኝ። እዚያው ካለ ሱቅ የከተማዋ ስም ደረቱ ላይ የተጻፈበት ወፍራም ሹራብ ገዛሁላቸው። በነገራችን ላይ፣ በሰኔ እንዲህ ያለ ሹራብ የለበሰ ቱሪስት ካየሽ፣ ወዶ የገዛው እንዳይመስልሽ። በርዶት ነው።

በዚያው ቀን ከሰዓት ግን ከተራራው ማዶ፣ ሳን ፈርናንዶ ቫሊ በሚባለው ሜዳ ላይ 33 ወይም 34 ዲግሪ ሊሆን ይችላል። ባሕሩ ዳር 20 ሆኖ ማለት ነው። አንድ ከተማ፣ አንድ ቀን። ስለዚህ ስሱን ልብስ ያዢ፤ በላዩ ግን ለእናትሽም ለአንቺም አንዳንድ ጃኬት ጨምሪ። እናትሽ ጋቢ ካሉ ጋቢ ይምጣ፣ ማንም ዞሮ አያይም። የጸሐይ ክሬምና ባርኔጣም አትርሺ፤ ደመናው ብርዱን ያመጣል እንጂ ጨረሩን አያስቀርም። የአየር ትንበያው 68 ሲልሽ ደግሞ እንዳትደነግጪ። በፋራናይት ነው፤ 20 ዲግሪ ማለቱ ነው።

አሁን ወደ ዝርዝርሽ። በሁለት ቀን አይሆንም።

ሎስ አንጀለስ የምንለው በአንድ ስም የምንጠራቸውን ብዙ ከተሞች ነው። በካውንቲው (እንደ እኛ ዞን ያለ አስተዳደር ነው) ውስጥ የየራሳቸው አስተዳደር ያላቸው 88 ከተሞች አሉ። ቤቨርሊ ሂልስ ሌላ ከተማ ነው። ሳንታ ሞኒካም ሌላ ነው። ዲዝኒላንድ ጭራሽ ሌላ ካውንቲ ነው፤ አናሃይም የሚባል ከተማ ውስጥ፣ ከመሐል ከተማው 40 ኪሎ ሜትር አልፎ። ዋናዋ ሎስ አንጀለስ ብቻዋን እንኳ በስፋት የአዲስ አበባን እጥፍ ትበልጣለች።

እዚህ ሰው መንገድን በኪሎ ሜትር አይለካም። «ስንት ደቂቃ ነው?» ይላል። መልሱ ደግሞ «በስንት ሰዓት ነው የምትሄጂው?» የሚል ጥያቄ ነው። ከመሐል ከተማ ሳንታ ሞኒካ 25 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። መንገዱ ክፍት ከሆነ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ሰው ከሥራ ሲወጣ ከገባሽበት ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀምጠሽ የፊትሽን መኪና ቀይ መብራት ታያለሽ። ጠዋት ከ1 እስከ 4፣ ከሰዓት ደግሞ ከ9 እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ፍሪዌይ በሚሉት ፈጣን አውራ ጎዳና ላይ አትውጪ። (የምጽፈው በእኛ ሰዓት ነው። ስልክሽ 7 ሲል ለእኛ 1 ነው። አንድ ዘመዴ ይህን አደባልቆ አውሮፕላን አምልጦታል፤ ስሙን አልጠራም።) በተለይ ፎር ኦ ፋይቭ የሚሉት ፍሪዌይ ቅዳሜና እሁድም አያርፍም።

ስለዚህ ለማንም የምለውን ልንገርሽ፦ ለአንድ ቀን አንድ አቅጣጫ። ጠዋት ወደ ምዕራብ ከሄዳችሁ እስከ ማታ ምዕራብ ናችሁ። «ሆሊውድ እኮ ቅርብ ነው፣ እግረ መንገዳችንን» የሚባል ነገር የለም። እግረ መንገድ የሚባለው ነገር እዚህ ከተማ አልተሠራም።

መኪናውን በተመለከተ፦ አትከራዪ። ቢያንስ ለሳምንቱ ሙሉ አትከራዪ። ብዙ ሀበሻ በዚህ አይስማማኝም፤ «ያለ መኪና ኤልኤ እንዴት ይሆናል?» ይላል። ለሚኖር ሰው ልክ ነው። ለሳምንት እንግዳ ግን ራስ ምታቱ የሚመጣው ከመንዳቱ ሳይሆን ከማቆሙ ነው። የብዙ ሆቴሎች የፓርኪንግ ሂሳብ በየሌሊቱ የሚቆጠር ሲሆን፣ ክፍሉን ስትይዢ ከሚታይሽ ዋጋ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የለም። መንገድ ዳር ልቁም ካልሽ ደግሞ ምልክቱ አለ።

ምልክቱን ላሳይሽ። እኔ 11 ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ፣ መንገዱን እንደ መዳፌ አውቀዋለሁ ባይ ነኝ። አንድ ቀን ቡና ልጠጣ አንድ ምሰሶ ሥር አቆምኩ። ምሰሶው ላይ አራት ሰሌዳ ተደራርቧል። ከላይ ቀይ፦ ከሰኞ እስከ ዓርብ ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት መቆም ክልክል ነው። ከሥሩ ሌላ ቀይ፦ ማክሰኞ ከ4 እስከ 6 ሰዓት መንገድ ስለሚጠረግ መቆም ክልክል ነው። ከሥሩ አረንጓዴ፦ ለ2 ሰዓት ብቻ ይፈቀዳል። ከሁሉ በታች ደግሞ፦ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ፈቃድ ላላቸው ነዋሪዎች ብቻ። እኔ ደስ ያለኝን አረንጓዴውን አንብቤ ገባሁ። ቀኑ ማክሰኞ ነበር። ስወጣ መጥረጊያው መኪና አልፏል፣ አስፋልቱ እርጥብ ነው፣ የቅጣት ወረቀቷ የመስታወት መጥረጊያዬ ሥር ተሰክታለች። 73 ዶላር። ቡናው ጥሩ ነበር፤ ያን ያህል ግን አልነበረም።

ከተከራየሽ እንግዲህ ምሰሶውን ከላይ እስከ ታች አንብቢ፤ መቆም የምትችዪው አንዱም ሰሌዳ ካልከለከለሽ ብቻ ነው። የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ ቀለምም እዪ። ቀይ ማለት ፈጽሞ አይቻልም። ነጭ ሰው ለማውረድና ለመጫን፣ ቢጫ ለዕቃ ጫኝ፣ አረንጓዴ ለአጭር ደቂቃ፣ ሰማያዊ የአካል ጉዳተኛ ፈቃድ ላለው። መኪናው ውስጥ ደግሞ ባዶ ፌስታልም ቢሆን አትተዪ። ባዶ መሆኑን መስታወት ሰባሪው አያውቅም።

ታዲያ በምን ትሄዳላችሁ? ባቡርንና ኡበርን (በስልክ የሚጠራውን መኪና) አደባልቁ። ባቡርና አውቶቡሱን የሚያስኬደው ሜትሮ ነው፣ የሚከፈለው ታፕ በሚባል ካርድ። ለእያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ግዙ፤ በአንድ ካርድ ሁለት ሰው አይሄድም። ጉዞው 1 ዶላር ከ75 ሳንቲም ነው። በሁለት ሰዓት ውስጥ ባቡር ብትቀይሩ ድጋሚ አይቆርጥም። የቀኑ ሂሳብ 5 ዶላር ከሞላ ደግሞ ከዚያ በኋላ ያለው ነጻ ነው። ኢ ላይን የሚባለው መስመር ከመሐል ከተማ ሳንታ ሞኒካ ያደርሳል። 50 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ መንገዱ ተዘጋ አልተዘጋ አይመለከተውም። የመጨረሻው ፌርማታ ከባሕሩ ጥቂት ብሎኮች ብቻ ነው የሚርቀው፣ የእናትሽ ጉልበት ይችለዋል።

አልዋሽሽም፤ ባቡሩ ሁልጊዜ ንጹሕ አይደለም። የሚተኛ ሰው አለ፣ ብቻውን የሚጮኽ ሰው አለ። አብዛኛው ማንንም አይነካም፤ እናትሽ ግን ሊደነግጡ ይችላሉ፣ ቀድመሽ ንገሪያቸው። በቀን ሂዱ፣ ሰው ያለበት ፉርጎ ውስጥ ተቀመጡ፣ ካልተመቻችሁ በሚቀጥለው ፌርማታ ውረዱና ፉርጎ ቀይሩ። ሲመሽ ኡበር ነው። ጣሪያው ላይ የሚሽከረከር ነገር ያለው፣ ሹፌር የሌለው ነጭ መኪና ሲያልፍም ታያላችሁ። ዌይሞ ይባላል፣ እንደ ታክሲ ሰው ይጭናል። ለእናትሽ ቀድመሽ አትንገሪያቸው። ራሳቸው ይዩትና ያማትቡ።

ኤርፖርቱ ላይ አንድ ነገር አለ። ሻንጣሽን ይዘሽ ስትወጪ በር ላይ ኡበር አታገኚም። ታክሲና ኡበር የሚጭኑት «ኤልኤ ኤግዚት» የሚባል ለብቻው የተከለለ ቦታ ላይ ነው፤ አረንጓዴ አውቶቡስ በነጻ ያደርሳችኋል። ወንድምሽ ሊቀበላችሁ ከመጣ እሱ በር ድረስ መምጣት ይችላል፤ ቆሞ መጠበቅ ግን አይችልም፣ ፖሊስ ያባርረዋል። አቅራቢያው ለዚሁ የተዘጋጀ ነጻ መጠበቂያ አለ። እዚያ ይቁምና ሻንጣችሁ እጃችሁ ከገባ በኋላ ደውሉለት። አውሮፕላኑ እንዳረፈ አትደውዪ። ከማረፍ እስከ መውጣት ስንት ሰልፍ አለ።

ሆቴሉን ስትይዢ የሆሊውድን ስም አይቶ ልብሽ እንዳይሰቀል። ሆሊውድ ቡሌቫርድ ማታ ጫጫታ ነው። መሐል ከተማውም ሥራ ካበቃ በኋላ አንዳንዱ ብሎክ ጭር ይላል፤ ከእሱ ምሥራቅ ስኪድ ሮው የሚባለው ቤት አልባዎች በድንኳን የሚያድሩበት ሰፈር አለ። እኔ ብሆን ካልቨር ሲቲ በሚባለው ከተማ ባቡሩ አጠገብ፣ ወይም ከፌርፋክስ ብዙ ሳልርቅ እይዝ ነበር። መሐል ላይ ናችሁ፣ ማታም ይረጋጋል።

ፌርፋክስ ያልኩት በምክንያት ነው። ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ከኦሎምፒክ ቡሌቫርድ ወደ ደቡብ ያለችው ቁራጭ ሰፈር እ.ኤ.አ. በ2002 በከተማው ምክር ቤት «ሊትል ኢትዮጵያ» ተብላ ተሰይማለች። ምልክቱ መንገዱ ላይ ተተክሏል። እናትሽ ፎቶ ይነሱበት። ሰፈሯ ትንሽ ናት፣ ከጫፍ ጫፍ በአምስት ደቂቃ ታልቃለች። ትልቅ ነገር ጠብቆ መጥቶ «ይኸው ነው?» ያለ ብዙ ሰው አውቃለሁ። ግን በሰው አገር ከመኪና ስትወርጂ የተቆላ ቡና ሲሸትሽ የሚሆን ነገር አለ። በሰኔ የሐዋርያት ጾም ስለሚኖር እናትሽ እዚያ በያይነቱን አያጡም። ሌላም ቦታ አይቸገሩ፤ ይህ ከተማ የጾም ምግብ ሞልቶታል፣ ስሙ «ቪጋን» ነው እንጂ። ቃሉን አስተምሪያቸው። ዓሣ የሚበሉ ከሆነ ግን ለብቻው መናገር አለባችሁ፣ ቪጋን ዓሣ አይጨምርም።

ቀኖቹን እንግዲህ እንዲህ ብትከፍሏቸው። ከበረራው ማግስት ምንም አታድርጉ። ሰኔ ላይ ከአዲስ አበባ 10 ሰዓት ወደ ኋላ ነን፤ እናንተ ቀን ስትሉ ሰውነታችሁ ሌሊት ይላል።

አንዱን ቀን ለባሕሩ ስጡ። ደመናው እስኪነሳ ከቀትር በኋላ ሂዱ። ሳንታ ሞኒካ ፒር፣ ያ ባሕሩ ውስጥ ገብቶ የቆመው የእንጨት ድልድይ፣ መግቢያው ነጻ ነው። አጠገቡ ያለው ቬኒስ የሚባለው ባሕር ዳር ሰው ለማየት ነው የሚኬደው፤ ጡንቻ የሚያሳየው፣ የሚጨፍረው፣ የሚሸጠው። እናትሽ ወንበር ካገኙ አንድ ሰዓት አይሰለቻቸውም። መዋኘት ካማረሽ ውሃው በሰኔም ቀዝቃዛ መሆኑን እወቂ። ወደ ውስጥ የሚጎትት ጅረትም አለ፤ የነፍስ አድን ሠራተኛ ማማ ፊት ለፊት እንጂ ሌላ ቦታ አትግቢ። ከዚያ ቆዩ። ጸሐይ የምትጠልቀው ምሽት 2 ሰዓት ሲሆን ነው። ደመናው ምሕረት ካደረገ ባሕሩ ዳር ካሉት ተራሮች ጀርባ ስትደበቅ ታያላችሁ።  ጃኬቱ የሚያስፈልገው ያኔ ነው።

ሌላውን ቀን ለጌቲ ሴንተር። ከሁሉ በላይ የምመክርሽ ይህን ነው። ተራራ አናት ላይ ያለ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ነው የተከፈተው። መግቢያው ነጻ ነው፣ የሚከፈለው ለፓርኪንግ ብቻ ነው። መኪና ከሌላችሁ እሱም የለም። ከታች ትንሽ ባቡር ያወጣችኋል፣ ዳገት የለም። ሥዕሉ ባይማርካቸው እንኳ እናትሽ የአትክልቱን ቦታ ይወዱታል። ሰዓት አስቀድመሽ በኢንተርኔት ያዢ፣ እሱም ነጻ ነው። ሰኞ ዝግ ነው።

ግሪፊዝ ኦብዘርቫቶሪም ሰኞ ዝግ ነው፤ ሰኞን ለእንቅልፍ ተዪው። እ.ኤ.አ. በ1935 የተከፈተ የከዋክብት መመልከቻ ነው፣ መግቢያው ነጻ ነው። የሆሊውድን ጽሑፍ በደንብ የምታዪው ከዚያ ነው። አመሻሽ ላይ ውጡ፤ ከተማው ከሥራችሁ መብራት ሲለብስ ስፋቱን ያኔ ታምኚኛለሽ። በኡበር ሂዱ፣ ወይም ከቨርሞንት ሰንሴት ባቡር ጣቢያ የሚነሳውን ዳሽ የሚባል አውቶቡስ ያዙ። ሲመሽ እላይ የስልክ ኔትወርክ ይደክማል፣ መመለሻውን ቀድመሽ አስቢ።

ለሆሊውድ ቡሌቫርድ 45 ደቂቃ ይበቃል። መሬቱ ላይ የታዋቂ ሰዎች ስም ያለበት ኮከብ አለ፣ አለቀ። እንደ ፊልም ገጸ ባሕርይ የለበሰ ሰው አጠገባችሁ ቆሞ ፎቶ ካነሳችሁ ገንዘብ ይጠይቃል። ሲዲ «በነጻ» እጅሽ ላይ የሚያኖርም አለ፤ እጅሽን ኪስሽ ክተቺ። ዲዝኒላንድን ተይው። ከልጅ ጋር ቢሆን ሌላ ነገር ነበር። ለሁለት ትልልቅ ሰዎች፣ ያውም አንዷ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው፣ ትኬቱ ውድ ነው፣ ቀኑም በሰልፍ ያልቃል። ዩኒቨርሳል ከፈለግሽ ቢ ላይን ባቡሩ ያደርስሻል፤ እሱን ግን አንቺ ብቻሽን ሂጂ፣ እናትሽ ያን ቀን ይረፉ።

ገንዘብ ላይ እንዳትደናገሪ። ዕቃው ላይ የተጻፈው ዋጋ ታክስን አይጨምርም፤ ወደ 10 በመቶ የሚጠጋ ይታከልበታል። ተቀምጠሽ የበላሽበት ቤት ደግሞ ከ15 እስከ 20 በመቶ ጉርሻ ይጠበቃል። በልብሽ የሜኑውን ዋጋ በ30 በመቶ አሳድጊና ከዚያ እዘዢ። የጉዞ የጤና ኢንሹራንስ ሳትገዢ ግን አትነሺ። እዚህ አገር አንድ የድንገተኛ ክፍል ሌሊት የጉዞውን ወጪ ሁሉ ሊበልጥ ይችላል። የእናትሽን መድኃኒት ከነማሸጊያው በእጅ ሻንጣ ያዢ።

መንገድ ላይ የሐሺሽ ሽታ ይሸታችኋል። በካሊፎርኒያ ሕግ ለትልቅ ሰው ተፈቅዷል፤ በፌዴራሉ ሕግ ግን አልተፈቀደም። ቪዛ የሚሰጥሽ ደግሞ ፌዴራሉ ነው። አትሞክሪው።

አሁን ወንድምሽ። «አይዞሽ፣ እኔ አደርሳችኋለሁ» ይልሻል። አትስሚው። ሌሊት ሠርቶ ጠዋት የገባ ልጅ፣ እናቱ ስለመጣች ሳይተኛ ፍሪዌይ ላይ ይወጣል። እኛ ሰዎች ድካም ለእናት አይነገርም እንላለን፤ መሪ ላይ ያንቀላፋም አለ። በዕረፍት ቀኑ ብቻ ያዙት። ያን ቀንም የትም አትሂዱ። ያቺን አንድ ክፍሉን እናትሽ ይዩለት፣ ወጥ ይሥሩለት፣ ይተኛ።

ምን ላምጣለት ላልሽው፦ በርበሬና የተቆላ ቡና ጥሩ ነው። ቋንጣ አታምጪ። ሥጋ ነው፣ ይወሰዳል። የያዝሽውን ምግብ ሁሉ ለጉምሩኩ ተናገሪ። የተናገርሽውን ቢወስዱብሽ እንኳ አትቀጪም፤ የሚያስቀጣው መደበቁ ነው። እናትሽ «ለልጄ ትንሽ ቋንጣ» ብለው ነጠላ ውስጥ የጠቀለሉትን ነገር፣ ቦሌ ከመግባታችሁ በፊት ሻንጣቸውን አንዴ ፈትሺ።